ስልኩን ውሰዱባት ልበል ወይ?

ሰላም እህቴ። ሰላም የደሴ ልጆች፣ በያላችሁበት።

ከቤይሩት የጻፍሽውን ማታ ከሥራ ስወጣ አነበብኩት። ልጅሽን የክፍሏ ልጆች በቴሌግራም እየሰደቧት መሆኑን ሰምተሽ «ስልኩን ውሰዱባት ልበል ወይ?» ብለሻል። እባክሽ እንዳትይ። እኔ ብያለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ጅዳ ከመጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው። ልጄ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከእናቴ ጋር ናት። አምና ሰባተኛ ክፍል እያለች፣ ዓርብ ዓርብ በኢሞ ስደውልላት ካሜራውን ወደ ኮርኒሱ ታዞርብኝ ጀመር። ድምፅ አለ፣ ፊት የለም። እናቴ ደግሞ «ራሴን አመመኝ እያለች ከትምህርት ቤት ትቀራለች» አለችኝ። ብርድ መስሎኝ ነበር። የጦሳን ተራራ ብርድ ታውቂዋለሽ።

ነገሩን የነገረችኝ እህቴ ናት። ልጆቹ ፎቶዋን ከፕሮፋይሏ ወስደው ስቲከር ሠርተውበታል። ከፊቷ አጠገብ መጥረጊያ ለጥፈው፣ ከሥሩ «የገረድ ልጅ» ብለው ጽፈዋል። በእኔ ሥራ ነው ልጄን የሰደቧት። ዝም ያለችኝም እኔ እንዳይከፋኝ ብላ ነው።

በንዴት እናቴን «ስልኩን ውሰጂባት» አልኳት። ያ ስልክ እኮ የእኔና የልጄ መገናኛ ነው! ሁለት ሳምንት ድምፅዋን ሳልሰማ ቀረሁ። ስድቡ ግን እሷ በሌለችበት ቀጠለ። ተናግራ ስልኳን የተቀማች ልጅ ደግሞ ሁለተኛ አትናገርም።

ማስረጃም አመለጠኝ። ቴሌግራም ላይ የላከው ሰው መልእክቱን ከሁሉም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ልጆቹ ወሬው እንደተሰማ አጠፉት። ያተረፈችን ስቲከሩን ስክሪንሾት አድርጋ ያስቀመጠች አንዲት የክፍሏ ልጅ ናት፤ አላህ ያክብራት። ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪንሾት፣ ከነስሙና ከነቀኑ። ብሎኩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ትምህርት ቤት መጀመሪያ ያናገርነው ሰው «ከግቢ ውጭ የሆነ አይመለከተንም» አለን። ልጅቷ የቀረችው ግን ከእነሱ ክፍል ነው። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2019 በ30 አገራት ወጣቶችን ሲጠይቅ፣ ከሦስቱ አንዱ በኢንተርኔት ጥቃት ደርሶብኛል ብሏል፤ ከአምስቱ አንዱ በዚሁ የተነሳ ከትምህርት ቤት ቀርቷል። የልጄ ራስ ምታትም ይኸው ነበር።

የክፍሏ ኃላፊ መምህርት ግን ሰው ናት። ሰልፍ ላይ አውጥታ አልተቆጣችም፤ እንዲያ ቢሆን ስቲከሩን ያላየውም ይፈልገው ነበር። ልጆቹን አንድ በአንድ ከወላጆቻቸው ጋር ጠራች። የሠራው ልጅ ፊቷ ሆኖ ስቲከሩን ከስልኩ አጠፋ። ከዚያ በግሩፑ የሳቁትንም አነጋገረች። እኔ ይሄን ከሁሉም በላይ ወደድኩላት። ባይሳቁ ኖሮ ያ ልጅ ስንት ቀን ይቀጥል ነበር? እዚህ ያላችሁ መምህራን፣ የክፍል ግሩፕ ሲከፈት ልጆቹ እናንተ የሌላችሁበት ሌላ ግሩፕ እንደሚከፍቱ እወቁ። ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

የቴሌግራሙን ሴቲንግ አያት አታውቀውም፤ የእኛ ሥራ ነው። እኔና ልጄ በኢሞ እያወራን አብረን አስተካከልነው። ማን ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባት እንደሚችል፣ ማን ፎቶዋንና ቁጥሯን እንደሚያይ፣ ሁሉንም «ማይ ኮንታክትስ» ላይ፣ ማለት ስልኳ ላይ ለመዘገበቻቸው ሰዎች ብቻ፣ አደረግነው። ቲክቶክ ካላት ደግሞ በስንት ዓመተ ልደት እንደከፈተችው ጠይቂያት። ከ13 ዓመት በታች አይፈቀድም፤ ከ16 በታች ላለ ልጅም የግል መልእክት ዝግ ነው። ዕድሜዋን ጨምራ ከከፈተችው ግን ይሄ ጥበቃ አይሠራላትም።

«ለፖሊስ ይነገር ወይ?» ላልሽው ደግሞ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። በተደጋጋሚ መልእክት እየላኩ ሰውን ማስጨነቅ በእስር ያስቀጣል። ትልቅ ሰው ካለበት፣ ወይም በፎቶ እያስፈራራ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አንድ ቀንም አትደሪ። ለክፍል ልጆች ግን እኔ ከመምህሯና ከወላጆቻቸው ብትጀምሪ እላለሁ።

ነገ ዓርብ ነው፤ ደውይላት። ስለ ስድቡ አትጀምሪ። ስለ ሥራሽ ንገሪያት፣ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምትነሺ፣ ምን እንደምትሠሪ። እኔ ይህን ስነግራት ነው ልጄ ካሜራውን ከኮርኒሱ ያወረደችው። አብሽሪ እህቴ። ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።