ሚኒስትር የነበረች ሴት ክፍለ ሀገር ስትላክ ሹመት ነው ሽረት? (ስዊድን)

የሆጤ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ካምፓስ ነኝ፣ ኢንስትራክተራችን ለየግሩፑ የአንድ ፖለቲከኛ የስራ ታሪክ አከፋፍሎን ለኛ የደረሰችን ስዊድናዊቷ ቤያትሪስ አስክ ናት። እስካሁን ያገኘነው (ዓመቱ በሙሉ በፈረንጅ ነው) ሞደራት የሚባለው ቀኝ ዘመም ፓርቲ አባል፣ በ80ዎቹ የፓርቲው የወጣቶች ክንፍ ሊቀመንበር፣ ከ1991 እስከ 1994 የትምህርት ቤቶች ሚኒስትር፣ ከ2006 እስከ 2014 ፍትህ ሚኒስትር፣ ከዛ በ2020 መጀመሪያ ሶደርማንላንድ የሚባል ክፍለ ሀገር ገዥ ሆነች። ጭንቅላቴን ያዞረው መጨረሻው ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ፍትህ ሚኒስትር የነበረች ሴትዮ እንዴት 300 ሺህ ምናምን ሰው ያለበት ቦታ ላይ ተቀመጠች? ደቡብ ወሎ እንኳን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ (ይሄ በኛ ነው) ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ነበር እኮ። እኛ ጋ ቢሆን በቃ ተነሳች ነው የሚባለው። ደሞ ሌላ ቦታ ሳነብ ሶደርማንላንድ የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት አለው ይላል፣ ታዲያ አስተዳዳሪው ማነው እሷ ወይስ እነሱ? ፕረዘንቴሽኑ አርብ ነው በናታችሁ

ወሎዬ ከስቶክሆልም፦
አብሽር ወንድሜ። እዚህ አንድ መሬት ላይ ሁለት መዋቅር አለ፣ እሱን ከለየህ ሌላው ቀላል ነው። አገሩ 21 ሌን (ክፍለ ሀገር በለው) ላይ የተከፈለ ነው፣ በየሌኑ መንግስት የሚሾመው አንድ ገዥ አለ፣ ህዝብ አይመርጠውም። የገዥው ጽ/ቤት የመንግስት ዓይን በለው፣ የተፈጥሮ ጥበቃ፣ የእንስሳት አያያዝ፣ የተኩላ አደን ፈቃድ ሳይቀር፣ ድንገተኛ አደጋ ሲመጣ ማስተባበር፣ ደሞ ምርጫ ሲኖር የመጨረሻውን ድምፅ ቆጠራ የሚሰራው እሱ ነው። ከጎኑ ደግሞ ሪጅን አለ፣ ያነበብከው ምክር ቤት የሱ ነው፣ እሱን ህዝብ በየአራት ዓመቱ ከፓርላማው ጋር በአንድ ቀን ይመርጠዋል፣ ሆስፒታል የሱ ነው፣ አውቶቡስ የሱ ነው፣ ከደሞዛችን ላይም የራሱን ግብር ይቆርጣል። ልጄ ቢታመም የምወስደው የሪጅኑ ሆስፒታል ነው፣ ገዥው እዛ ዶክተር ልቅጠር ላባርር ቢል የሚሰማው የለም። ስለዚህ ሪጅኑን መራች ብላችሁ እንዳትፅፉ ማርክ ትቀነሳላችሁ።

ሽረት ያልከው ደሞ አይደለም። በ2014 ምርጫ የነሱ ጥምረት ተሸነፈ፣ እሷም ከሚኒስትርነት ወጥታ ፓርላማ ወንበሯ ላይ ቆየች። ሶደርማንላንድን የሰጣት ማን እንደሆነ አይተሃል? የጠቅላይ ሚኒስትር ስቴፋን ሎቬን የሶሻል ዴሞክራት መንግስት። ያሸነፏት ሰዎች ናቸው የሾሟት

የድሮ መምህር፦
ልጄ፣ ጥያቄህ የመጣው ከኛው ታሪክ ስለሆነ አይገርመኝም። በጃንሆይ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ጠቅላይ ግዛት መሄድ ብዙ ጊዜ ከፊት ዘወር በል ማለት ነበር። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ያን ሁሉ ዓመት አገሩን በእጃቸው ይዘው በ1947 ዓ.ም. ሲነሱ የተሰጣቸው አርሲ ነው፣ ገዥ ተብለው። ወረቀቱ ላይ ሹመት ነው፣ ሰው ግን ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ያ ዛሬም አልለቀቀንም፣ አንድ ባለስልጣን ከፌዴራል ወደ ዞን ሲመጣ ምን አጥፍቶ ነው እንላለን። የስዊድኑም ገዥነት ቢሆን በፈረንጅ ከ1634 ጀምሮ ያለ ነው፣ ያኔ የንጉሡ እንደራሴ ነበር። ንጉሡ ስልጣን አልባ ቢሆንም ወንበሩ ቀርቷል። እሱን ታሪካዊ ዳራ አድርጋችሁ ብታስገቡት ጥሩ ነው።

ኮምቦልቻ 033፦
ኧረ ባካችሁ አታካብዱት። ተቃዋሚ ሾማት ምናምን ደስ ይላል ግን እውነቱን እናውራ፣ ገዥነት እዛ አገር ላረጀ ፖለቲከኛ የሚሰጥ ማረፊያ ነው፣ ዛሬ ለናንተ ነገ ለኛ ተባብለው ነው የሚከፋፈሉት። ስዊድኖቹ ራሳቸው በዚህ ያማሉ። ሁለተኛ የሴትዮዋን ሚኒስትርነት ዝም ብላችሁ እንደ ሲቪ አትደርድሩት፣ በ2010 ሴት ገዝተዋል ተብለው የተጠረጠሩ ወንዶች ቤት መጥሪያው በደማቅ ቀለም ፖስታ ይላክ ሚስትና ጎረቤት እንዲያይ ብላ አገር ስቆባታል፣ ፍትህ ሚኒስትር ሆና! ያልተፈረደበትን ሰው!

ወሎዬ ከስቶክሆልም፦
@ኮምቦልቻ ሃሃሃ ወይንጠጅ ፖስታ፣ አዎ ኋላ ላይ ራሷም አፈገፈገች። ማረፊያ ነው ያልከውም ሐሜት ብቻ አይደለም፣ ግን ሁሉም ገዥ ፖለቲከኛ አይደለም፣ ከሲቪል ሰርቪስ የሚመጡም አሉ። ለኔ ለሐበሻው የማይረሳኝ 2013 ነው፣ ፖሊስ ሜትሮ ላይ መታወቂያ ሲጠይቅ በመልክ እየለየ ነው የሚያስቆመን የሚል ቅሬታ በዛና እሷ ሬዲዮ ላይ የሰጠችው መልስ ብዙ ሰው አስቆጣ፣ አንድ ደራሲ በትልቅ ጋዜጣ ግልፅ ደብዳቤ ፃፈላት፣ ያንን ያላነበበ ሰው አልነበረም። ብቻ ፍትህ ሚኒስትር ስለሆነች ፖሊስን እከሌን እሰር እከሌን ፍታ ማለት አትችልም፣ በሕግ ክልክል ነው፣ መስሪያ ቤቶቹ ተራውን ጉዳይ ራሳቸው ነው የሚወስኑት። እሱን አስገቡት ክፍሉ ውስጥ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም

የሆጤ ልጅ፦
ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ፣ የአርሲውን መግቢያ ላይ አስገባዋለሁ። @ወሎዬ ወላሂ ገላገልከኝ። አንድ ብቻ፣ ገዥ ስትሆን ከፓርቲው መውጣት ነበረባት?

ወሎዬ ከስቶክሆልም፦
አባልነቷን ማንም አልነካባትም፣ ግን ስራው ላይ ፓርቲ ይዞ መቀስቀስ የለም፣ የምርጫውን ድምፅ የሚቆጥረው የገዥው ቢሮ ነው አላልኩህም