ክርክር፦ ማስቲካና ከረሜላ የሚያነጣው ታይታኒየም ይከልከል ወይስ ይቆይ?

የሁለት ልጆች እናት (ፍራንክፈርት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ለልጆቼ አንድ ከረጢት ሙሉ ማስቲካና ከረሜላ ይዛ መጣች። ጀርባውን ሳነበው፣ በዚያ ደቃቅ ጽሑፍ መሃል ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይላል። እዚህ አውሮፓ ኢ171 የሚሉት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከምግብ ተከልክሏል። አሜሪካ ግን ከምግቡ ክብደት 1 በመቶ እስካላለፈ ይፈቀዳል። አንዱ መርዝ ያለውን ሌላው እንዴት ለልጅ ያበላል? እኔ የትም አገር ይከልከል ባይ ነኝ። እማዬም ይህን ከሰማች ወዲህ ነጩን የደም ግፊት ኪኒኗን አልውጥም ብላለች።

ፋርማሲስቱ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
እህቴ፣ ማንም መርዝ ነው አላለም። የአውሮፓ ምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2021 ያለው፣ ዘረ-መልን ሊጎዳ ይችላል የሚለውን ስጋት ውድቅ ማድረግ አልቻልንም ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ደግሞ የዋጥነው ሁሉ ደም ውስጥ አይገባም። ይሄ ነገር በጨጓራ አሲድ አይሟሟም፣ አብዛኛው እንደገባ በሰገራ ይወጣል። ይጎዳል ለማለት ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው የ2017ቱ የፈረንሳይ የአይጥ ጥናት ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ ነው የሰጠው፤ እኛ የምንበላው ግን ከምግብ ጋር ተዋህዶ ነው። የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤትም በ2022 ማስረጃውን አይቶ አልከለከለም።

የላብራቶሪ ሠራተኛዋ (ዩትሬክት)፦
አብዛኛው ይወጣል፣ ልክ ነህ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የሚቀረው ነው። ትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ኤም ሴል የሚባሉ አሉ። ሥራቸው አንጀት ውስጥ ካለው ነገር እየቀነጠቡ ከስር ላሉት የመከላከያ ሴሎች ማቀበል ነው፣ እና ከባክቴሪያው ጋር ደቃቃ የታይታኒየም ቅንጣቶችንም ያሳልፋሉ። ካለፉት ውስጥ ጉበትና ጣፊያ የሚደርሱትን፣ ባዕድ ነገር የሚውጡ ሴሎች ይዘው ያስቀሯቸዋል። መፍጨት ግን አይችሉም። ስለዚህ የዛሬዋ ትንሽ በነገዋ ላይ ትደመራለች። በ2018 እዚህ ኔዘርላንድስ የ15 ሟቾች ጉበትና ጣፊያ ተመርምሮ ቅንጣቶቹ ተገኝተዋል።

ፋርማሲስቱ፦
መገኘቱ ጎዳ ማለት አይደለም። ከጥርስ ሳሙናም ከኪኒን ሽፋንም ሊመጣ ይችላል።

ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህር (አዲስ አበባ)፦
ልጆቼ፣ ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። የብር ቅንጣት አሲድ ውስጥ በከፊል ይሟሟል፣ በደም ዞሮ ቆዳ ውስጥ ይቀመጣል፣ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል። በአሜሪካ የሞንታና ግዛት ፖለቲከኛ የሆነው ስታን ጆንስ ራሱ የሠራውን የብር ውሃ ሲጠጣ ቆይቶ መልኩ ወደ ሰማያዊ ግራጫ የተቀየረው በዚህ ነው። ታይታኒየሙ ግን መልክ ላይ አይታይም፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ጀርባውን አንብቦ ይተወዋል። እኛ ሰፈር ማስቲካ በፍሬ ይሸጣል። ልጁ ሳንቲሙን ሰጥቶ አንዷን ፍሬ ይቀበላል፣ ካርቶኑ ባለሱቁ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ምኑን ያንብበው? ለዚህ ልጅ የሚያዋጣው ከመነሻው አለመግባቱ ነው።

ፋርማሲስቱ፦
ጋሼ፣ የፍሬውን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ እውነትዎን ነው። ማስቲካና ከረሜላ ላይ ከሆነ አልሟገትም። ቀለም ብቻ ነው፣ ቢቀር ማንም አይጎዳም። ፍራንክፈርት ያለሽው እህቴ፣ ከረጢቱን እንደፈለግሽ አድርጊው። ኪኒን ግን ሌላ ነው። አውሮፓም መድኃኒት ላይ አልከለከለውም። እማማ ኪኒናቸውን ካቆሙ የሚጎዳቸው ግፊቱ ነው። አሁኑኑ ደውይላቸውና የዛሬውን ይዋጡ፣ ሐሳብ ካላቸው ነገ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።