የመጀመሪያ ረጅም ቀስቴን ልግዛ ብዬ ግራ ገባኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እንግሊዝ ነው። በክለብ ቀስት ስለማመድ ቆይቼ አሁን የራሴን የእንጨት ረጅም ቀስት ልገዛ ነው። አውታሩን ስስብ 28 ኢንች ይደርሳል። ሻጩ "45 ፓውንድ ውሰድ፣ ክንድህ ይለምደዋል" ይለኛል (ፓውንድ ስል ገንዘቡን ሳይሆን አውታሩን ለመሳብ የሚጠይቀውን ኃይል ነው)። የክለቡ 30 ፓውንድ ነው። እሱንም ቢሆን ሲደክመኝ ግራ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፣ ፍላጻውም ከዒላማው በታች ሣር ውስጥ ይሰካል። እ.ኤ.አ. በ1545 የሰጠመችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ የሜሪ ሮዝ ቀስቶች ከ100 ፓውንድ በላይ እንደነበሩ ይገመታል፤ እኔ ግን ጦርነት አልዘምትም!

35 ልሞክር ወይስ 30 ላይ ልቆይ? እንጨቱስ? የው የሚባለው ዋጋው አይቀመስም። ሂከሪ ለጀማሪ ይበቃል? የእንጨት ፍላጻ ጥንካሬው ከቀስቱ ጋር መግጠም ስላለበት እሱንም አልገዛሁም። የምታውቁ እስቲ አንድ በሉኝ።