ትል በታየ ቁጥር ሕንፃው ሁሉ ይረጭ?

አወያይ፦ ጎረቤቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። ጉዳዩን ላልሰማ ባጭሩ ልናገር። በዚህ ወር ከአራት ቤቶች "ትል አገኘን" የሚል አቤቱታ ደርሶኛል። አንዱ ሻወር ቤት፣ አንዱ ከዱቄት ማስቀመጫው በላይ ግድግዳ ላይ፣ አንዱ ምንጣፍ ሥር፣ አንዱ ደግሞ ከኮርኒስ ወድቆ ነው። ለነዋሪዎች ኮሚቴ የቀረበው ሐሳብ ይሄ ነው፦ መዋጮ አውጥተን በየወሩ ሁሉም ቤት ይረጭ፤ በሩን ዘግቶ የሚቀር አይኑር። ድምፅ የምንሰጠው እሑድ ነው። ክርክር ያለው ከዚያ በፊት እዚሁ ያንሳ።

ምድር ቤት፦ ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ከኮርኒስ የወደቀው እኔ አልጋ ላይ ነው። ሁለት ሌሊት ሶፋ ላይ አደርኩ። ስሙን አውቄ ምን ላደርግለት ነው? ትል ትል ነው፤ ይረጭ፣ ይሙት። ደግሞ አንዱ ቤት ተረጭቶ ሌላው ከቀረ ዋጋ የለውም። ከዚያኛው ተነሥቶ ወደዚህ ይመጣል።

1ኛ ፎቅ፦ እማማ፣ አልጋ ላይ መውደቁ ያስደነግጣል። በዚህ አልከራከርዎትም። እኔ ግን ባዮሎጂ ሳስተምር ሁልጊዜ የምጋጨው ከዚህ ቃል ጋር ነው። "ትል" ስንል የዝንብ እጭም፣ ማለትም ከእንቁላል ወጥቶ ገና ክንፍ ያላወጣው ልጇ፣ ትል ነው፣ የእሳት እራት እጭም ትል ነው፣ የጥንዚዛ እጭም፣ አፈር ውስጥ ያለውም፣ አንጀት ውስጥ ያለውም። ፈጽሞ የማይዛመዱ እንስሳትን በአንድ ስም ስለምንጠራ መፍትሔውም አንድ ይመስለናል። አራቱ ቤቶች የየራሳቸው እንግዳ ያለባቸው ይመስለኛል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የእርስዎ እግር ነበረው?

ምድር ቤት፦ እግር የለውም። ነጭ ነው። ባንድ በኩል ሾጠጥ ይላል፣ በሌላው በኩል ድፍን ነው።

1ኛ ፎቅ፦ እንግዲያው የዝንብ እጭ ነው። ድፍኑ ጫፍ ላይ ሁለት ጠቆር ያሉ ነጥቦች ይታያሉ። ሰው ዓይን ይመስሉታል፣ ግን መተንፈሻው ናቸው። አፉ በሾጣጣው በኩል ነው። ዝንብ በአንድ ጊዜ መቶ ያህል እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ በሙቀት ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ከኮርኒስ ከወደቀ ደግሞ እላይ የሞተ ነገር አለ ማለት ነው። አይጥ ወይም ወፍ ይሆናል። ክፍልዎን በየወሩ ቢያስረጩም የሞተው ነገር እስካልወጣ ድረስ እጩ እላይ ሆኖ ይበላል፣ ያድጋል። መርጫው የሚያገኘው የወደቀውን ብቻ ነው።

3ኛ ፎቅ፦ መምህር፣ የሚሉት ትክክል ነው። ግን ሁላችንም ባዮሎጂ አልተማርንም። የሻወር ቤቱ ትል የእኔ ነው። ልጄ ዳዴ ማለት ጀምሯል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። እኔ ተቀምጬ እግር ስቆጥር እሱ ይውጠዋል! በረኪና ሦስት ጊዜ ደፍቻለሁ፣ ሦስት ጊዜም ተመልሰዋል። ስለዚህ ድምፄ ከእማማ ጋር ነው።

4ኛ ፎቅ፦ እህቴ፣ ከመፍረድሽ በፊት ንገሪኝ። ቀጭን፣ ግራጫ፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰ፣ ጥቁር ጥቁር መስመር ያለው ነው? ግድግዳው ላይስ ጸጉራም ክንፍ ያላት ትንሽዬ ዝንብ ታርፋለች?

3ኛ ፎቅ፦ ሲስተር፣ እንዳየሽው ነው የተናገርሽው። ዝንቧ በእጅ ስትነካ ዱቄት ትሆናለች።

4ኛ ፎቅ፦ የፍሳሽ ዝንብ ትባላለች። እጮቿ የሚኖሩት ቱቦው ውስጥ በሚጋገረው ልጋግ ውስጥ ነው። ሳሙና፣ ጸጉርና ቆሻሻ ተደራርቦ የሚሠራው ያ ወፍራም ልጋግ ቤታቸውም ምግባቸውም ነው። በረኪናው ከላይ ከላይ ያልፋል፣ እነሱ ከሥር ይቀራሉ። ፍሊትም ያው ነው፤ የሚበረውን ይገድላል፣ በሁለት በሦስት ሳምንት ሌላ ትውልድ ይወጣል። የሚያጠፋቸው ብሩሽ ነው። ክዳኑን አንሥተሽ፣ ጎንና ጎኑን ፍቀሽ፣ በሙቅ ውሃ አጥቢው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በሥራዬ ስለማየው ነው። ሰው ሽንት ቤት ውስጥ ይህን እጭ ያይና "ከሆዴ ወጣ" ብሎ ይደነግጣል። ሳይመረመር የአንጀት ትል መድኃኒት ይውጣል። በሳምንቱ ትሉን እንደገና ያየዋል፣ መድኃኒቱንም ይደግመዋል። ትሉ ግን ከሽንት ቤቱ ነው እንጂ ከሰውዬው አይደለም። የተገላቢጦሹም አለ። ሕፃን ሌሊት ሌሊት መቀመጫውን ያካል፤ እናት አንሶላ ላይ ቀጭን ነጭ ክር የመሰለ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ነገር ታያለች። ፍራሹ ተባይ ያዘ ብላ ፍራሹን ታስረጫለች። ያ ግን እውነተኛ የአንጀት ትል ነው፤ ሴቷ ሌሊት እንቁላል ልትጥል ስትወጣ ነው የታየችው። መፍትሔው ሐኪም ዘንድ ነው። ሳይለይ የተረጨው ፍራሽ ላይ ግን ሕፃኑ ይተኛበታል።

2ኛ ፎቅ፦ እኔ ደግሞ በሌላ ምክንያት እቃወማለሁ። ድመት አለችኝ። ለቤት መርጫ ከሚውሉት ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባለው ለድመት መርዝ ነው፤ ጉበቷ በቀላሉ ሰባብሮ ሊያስወግደው አይችልም። ለዓሣም እንደዚሁ አደገኛ ነው፤ 5ኛ ፎቅ ላይ ዓሣ የሚያረቡ አሉ። በየወሩ በግድ ግቡና እርጩ ማለት ምን ማለት ነው? ቤቴ ውስጥ የሚረጨው ምን እንደሆነ እንኳ አልተነገረኝም።

ምድር ቤት፦ ልጄ፣ ድመትሽ ራሷ ቁንጫ ታመጣለች። ምንጣፍሽ ሥር ያገኘሽው ምን ነበር?

2ኛ ፎቅ፦ እውነት ነው፣ የምንጣፉ አቤቱታ የእኔ ነው። ነጭ፣ እግር የሌለው፣ ሩዝ የማያህል፣ ሳስ ያለ ጸጉር ያለው ነው። ብርሃን ሲያይ ይሸሻል።

1ኛ ፎቅ፦ የቁንጫ እጭ ነው። እማማ እዚህ ላይ ትክክል ናቸው፣ ምንጩ ድመቷ ናት። እጩ ደም አይመጥም፤ ዋና ምግቡ ያደገችው ቁንጫ የምትጥለው በደረቀ ደም የተሞላ ኩስ ነው። ስለዚህ ድመቷ የምትተኛበት ጨርቅ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ ምንጣፉ በየቀኑ በቫኪዩም ይጠረግ፣ ድመቷ ደግሞ በእንስሳት ሐኪም ትታከም። ችላ የሚባልም አይደለም። ይህ እጭ የድመት ኮሶ እንቁላል ሊውጥ ይችላል። አድጎ ቁንጫ ሲሆን ድመቷ ራሷን ስትልስ ትውጠዋለች፣ ኮሶውም እሷ ውስጥ ያድጋል። መተኛዋ ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካየሽ የኮሶው ቁራጭ ነው። ቁንጫ የዋጠ ሕፃንም ሊይዘው ይችላል።

3ኛ ፎቅ፦ ይኸውላችሁ! ስትለዩት ከበፊቱ የባሰ አስፈራኝ።

1ኛ ፎቅ፦ እህቴ፣ ፍርሃቱ አሁን ቦታውን አገኘ። ቅድም የፈራሽው የፍሳሹን እጭ ነበር፤ እሱ አይናከስም። ቁንጫው ግን ትኩረት ይገባዋል።

5ኛ ፎቅ፦ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነኝ። ሁለታችሁንም የሚቆረቁር ነገር ልናገር። መለየት ጥሩ ነው፣ መዘግየት ግን ያስከፍላል። እንጨት የሚበላው የጥንዚዛ እጭ ውስጥ ሆኖ ዓመታት ይቆያል፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት። ከላይ የምናየው ቀዳዳ የመግቢያው አይደለም፣ አድጎ የወጣበት ነው። ከቀዳዳው ሥር ትኩስ የእንጨት ዱቄት ካያችሁ ውስጡ ገና እየተበላ ነው። ቁም ሳጥን እስኪወድቅ የጠበቁ ደንበኞች አይቻለሁ። ግን ይህንንም ክፍል ውስጥ የሚረጭ ፍሊት አይነካውም። ራሱ እንጨቱ ነው የሚታከመው።

የራሴን ደግሞ ልጨምር። ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ ክንዷ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጣባት። ትኋን ነው ተባልን። አንድ የርጭት ድርጅት ሁለት ጊዜ መጥቶ ረጨ፣ ፍራሻችንንም አስጣለን። ሽፍታው ግን አልጠፋም። በኋላ አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ ስናነሣ ሥሩ ቡናማ፣ ዥንጉርጉር፣ ጸጉራም እጮች አገኘን፤ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አይበልጡም። የምንጣፍ ጥንዚዛ እጭ ነበር። ሱፍ፣ ላባ፣ ቆዳ፣ የሞተ ነፍሳት ሁሉ ይበላል። አይናከስም፤ ጸጉሩ ሲረግፍ ነው ቆዳ የሚያስቆጣው። ብርድ ልብሱን አስወገድን፣ ቤቱን ጠረግን፣ አለቀ። የተናደድኩት በረጨው ሰውዬ ነው። መጀመሪያ ቀን "እስቲ ያገኛችሁትን አሳዩኝ" ቢለን ፍራሻችን ይተርፍ ነበር።

ምድር ቤት፦ ሁላችሁም ተማርን ብላችሁ ከበባችሁኝ። እሺ፣ ትንኝስ? ጣሪያው ላይ ክዳን የሌለው በርሜል አለ። ውስጡ የሚርመሰመሰውን በዓይኔ አይቻለሁ። እሱንም እስክትለዩት እንጠብቅ?

1ኛ ፎቅ፦ አንጠብቅም! እዚህ ላይ አሸነፉኝ እማማ። ውሃ ውስጥ የሚፍተለተል፣ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ በጭራው ጫፍ የሚተነፍስ ካዩ ወዲያው ይድፉት። በሙቀት ጊዜ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። በርሜሉ ውስጡ ይፈግፈግ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ የትንኝ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ደርቆ ወራት ይቆያል። ከዚያ ይከደን። ይህ ዛሬ መሠራት ያለበት ነው። የወሩን ርጭት የሚያስጠብቅ ግን አይደለም።

አወያይ፦ የግድግዳው ቀረ። እሱ የእኔ ቤት ነው። ክሬም ቀለም ያለው፣ ጭንቅላቱ ቡናማ ነው። ጣሪያና ግድግዳ መጋጠሚያው ላይ ይሄዳል።

1ኛ ፎቅ፦ ከፊት ሦስት ጥንድ እግር፣ መሐል ላይ ደግሞ ጉጥ ጉጥ የሚሉ ለስላሳ እግሮች ካሉት የእሳት እራት እጭ ነው። ጥንዚዛ ቢሆን መሐሉ ላይ እነዚያ አይኖሩም። ከጣሪያ የመጣ ይመስላል፣ ግን ከታች ነው የወጣው። ጠግቦ ክንፍ ወደሚያወጣበት ደረጃ ሊያልፍ ሲል ከምግቡ ወጥቶ ይወጣጣል። ዱቄትህንና እህልህን ክፈት፤ ድር የተያያዘበትን ጣል። የተቀረውን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር አራት ቀን አቆየው። እባክህ ምግብ ማስቀመጫ ላይ አትርጭ።

4ኛ ፎቅ፦ በየወሩ መርጨቱ ሌላም ጣጣ አለው፤ የሚተርፉት የመድኃኒቱን ጉልበት የቻሉት ናቸው። ዝንብ ዲዲቲን መቋቋም እንደጀመረ የታወቀው ገና በ1940ዎቹ ነው፣ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር። መድኃኒቱ በስፋት ሥራ ላይ ከዋለ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። ስለዚህ የማቀርበው ማሻሻያ አለኝ። ትል ያገኘ ሰው አጠገቡ ማስመሪያ አድርጎ ፎቶ ያንሣ፣ የተገኘበትን ቦታ ይጻፍ፣ ሁለት ሦስቱን በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ያስቀምጥ። የዝንብ እጭ ከሆነ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ አለዚያ ይጠቁራል። መምህር ያያል፣ ካልቻለ ወደሚችል ይላካል። መርጨት የሚያስፈልገው ሆኖ ከተገኘ ያ ቤት ብቻ ይረጫል።

ምድር ቤት፦ ሲስተር፣ ጥሩ ነው። ግን የማያሳየውስ? ቤቱን ዘግቶ፣ ፍሳሹን ሳያጸዳ የሚኖረውስ? የእሱ ዝንብ እኔ ቤት ነው የምትመጣው። እኔ "ሁሉም በር ይከፈት" ያልኩት ለዚህ ነው።

2ኛ ፎቅ፦ በሬን ለመርጫ አልከፍትም። ብሩሽ ይዞ ለሚመጣ ግን እከፍታለሁ።

3ኛ ፎቅ፦ አሁን የሻወሩን ክዳን አነሣሁት። ሲስተር ያልሽው ልጋግ ጣት ያህል ወፍራም ነው፣ ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ረጅም ብሩሽ ያለው ሰው አለ?

5ኛ ፎቅ፦ እኔ ጋ አለ። ይዤ እየወረድኩ ነው።

ምድር ቤት፦ ሲጨርስ እኔም ቤት ይግባ፣ መሰላልም ይዞ ይምጣ። የኮርኒሱን ክዳን እንከፍተዋለን። አይጥ ካለ መምህር የተናገረው እውነት ነው፣ ከርጭቱ ሐሳብ ስሜን አነሣለሁ። ከሌለ ግን እሑድ ድምፄ እዚያው ነው።