ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ጓንትና መሣሪያ መቀየር በእኛ ሆስፒታሎች ያዋጣል?

የደጋው ኦፊሰር (ጠያቂ)

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች በአንዱ በሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ኦፊሰርነት አገለግላለሁ። ጥያቄውን ያስነሡብኝ አንድ ታካሚ ናቸው። ሁለት ቀን ታመው በቃሬዛ የመጡ፣ ሆዳቸው እንደ ከበሮ የተነፋ አርሶ አደር ነበሩ፤ ሲከፈት ሲግሞይዱ (የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል) ተጠምዝዞ ጠቁሮ ተገኘ። የሞተውን አንጀት ቆርጠን፣ የላይኛውን ጫፍ በሆዳቸው ግድግዳ በኩል አውጥተን፣ ሆዳቸውን አጥበን ዘጋን፤ ሕይወታቸውም ተረፈ። ይሁን እንጂ በስድስተኛው ቀን ፋሻው ሲነሣ የቁስሉ ጠርዝ ቀልቶ ነበር፤ ሁለት ስፌት ብንፈታ መግል ፈሰሰ። በሳምንት ይወጣሉ ያልናቸው ሰው ወር ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ወጡ። ነገሩን መለስ ብዬ ሳስበው፣ ያን የጠቆረ አንጀት በያዝሁበት ጓንትና ፎርሴፕስ (መቆንጠጫ) ቆዳቸውን መስፋቴ ትዝ አለኝ።

ከመዝጋት በፊት ጓንትና መሣሪያ መቀየርን የመረመረውና «ቺታ» የተባለው ጥናት ለእኛ ዓይነት ቤት ይሠራል? ያሉን የላፓራቶሚ (ሆድ ከፍቶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) መሣሪያ ጥቅሎች ሁለት ብቻ ናቸው።

ሐኪም ዘደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ ኦፊሰር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በላንሴት መጽሔት የወጣ ሲሆን፣ በቤኒን፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በናይጄሪያ፣ በሩዋንዳና በደቡብ አፍሪካ በሚገኙ 81 ሆስፒታሎች የተካሄደ ነው፤ 13,301 ታካሚዎችን አካትቷል። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም፤ ነገር ግን በድንገተኛም ሆነ በቀጠሮ የተሠሩ፣ ንጹሕ ያልሆኑ የሆድ ቀዶ ሕክምናዎችን ያካተተ ስለሆነ የእርስዎን ታካሚ የሚመስሉ ሰዎች በውስጡ አሉ። ማን ይቀይር፣ ማን እንደ ወትሮው ይሥራ የሚለው ዕጣ የወጣው ለየታካሚው ሳይሆን ለየሆስፒታሉ ነው። እንደ ወትሮው በሠሩት ሆስፒታሎች በ30 ቀናት ውስጥ ቁስላቸው የተመረዘባቸው ታካሚዎች ከመቶ 18.9 ሲሆኑ፣ ጓንትና መሣሪያ በቀየሩት ግን 16.0 ነበሩ፤ ይህም በግምት በየ34 ታካሚው አንድ የቁስል ኢንፌክሽን ይቀራል እንደ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉልኝ። ጓንቱና መሣሪያው አብረው ስለ ተቀየሩ የትኛው እንደ ጠቀመ ተለይቶ አይታወቅም፤ ስለዚህ ጓንት ብቻ ቀይሮ ጥናቱን ተከተልሁ ማለት አያስኬድም። እንዲሁም ቀይረውም ቢሆን ከመቶ 16ቱ ታመዋል፤ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ የሚተካ አይደለም። እንደ እርስዎ ታካሚ አንጀቱ በሞተበት ሆድ ደግሞ እኔ ብሆን ፋሺያውን (ከቆዳው ሥር ያለውን ጠንካራ የሆድ ግድግዳ ሽፋን) ሰፍቼ ቆዳውን ለጥቂት ቀናት ክፍት እተወው ነበር።

በነገራችን ላይ፣ በእነዚሁ ሰባት አገሮች ተካሂዶ ከቺታ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው «ፋልኮን» የተባለ ጥናት በ5,788 ታካሚዎች ላይ ትራይክሎሳን የተባለ ጀርም ገዳይ የተቀባ ክርንና በአልኮል የተበጠበጠ ክሎርሄክሲዲን የተባለ የቆዳ ማጽጃን ፈትሾ፣ ከተለመደው ክርና ፖቪዶን አዮዲን ከተባለው የቆዳ ማጽጃ የተሻለ ውጤት አላገኘባቸውም። ለግዢ ጥያቄ ስትዘጋጁ ይህን አትርሱ።

ሲስተር ከኦፕሬሽን ክፍል

ኦፊሰር፣ ለአንድ ታካሚ ሁለተኛ ሙሉ ጥቅል አያስፈልግዎትም። እኛ ጥቅሉ ወደ አውቶክሌቭ (መሣሪያን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ ማሽን) ከመግባቱ በፊት አንድ ኒድል ሆልደር (መርፌ መያዣ)፣ አንድ ባለ ጥርስ ፎርሴፕስ፣ አንድ የክር መቀስና ሁለት አርተሪ ፎርሴፕስ (የደም ሥር መቆንጠጫ) ነጥለን፣ በራሳቸው ጨርቅ ጠቅልለን፣ ላዩ ላይ «መዝጊያ» ብለን በፕላስተር እንጽፋለን። ይህ የመዝጊያ ጥቅል እስከ መጨረሻው ድረስ ሳይፈታ ይቀመጣል። ቀድሞ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ከዋለ፣ ሐኪሙ ሲቸኩል እጁ ወደዚያው ይሄዳል፤ ሁለት ጊዜ ደርሶብናል። ሆዱ ታጥቦ የጎዝ (ደም መምጠጫ ጨርቅ) እና የመሣሪያ ቆጠራው ከተሟላ በኋላ የቆሸሸው ሁሉ ይነሣል፤ ከዚያ ኦፕሬተሩ፣ ረዳቱና እኔ ሦስታችንም ጓንት እንቀይራለን። ከቆጠራው በፊት ከተቀየረ፣ የጎደለ ጎዝ ለመፈለግ እጅ ተመልሶ ሆድ ውስጥ ይገባና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከቆላው ወረዳ

አሠራሩን አልቃወምም፤ ግን ጓንቱን የሚገዛው ማን ነው? የእኛ ግምጃ ቤት ሲያልቅበት አስታማሚው ወረቀት ይዞ ወደ ግል ፋርማሲ ይወጣል። ለአንድ ታካሚ ሦስት ጥንድ ተጨማሪ ጓንት ለድሀ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ደግሞም ከጣርማበር ቁልቁለት በመኪና ተገልብጦ ደም እየፈሰሰው የሚመጣ ተጎጂ ላይ የጓንት ነገር ማን ያስታውሳል?

ሐኪም ዘደብረ ብርሃን

የመጨረሻው ጥያቄዎ መልስ አለው። ደሙ አልቆም ብሎ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ሆዱን በጎዝ አፍነው ለጊዜው ሸፍነው ወደ እኛ ቢልኩት መቀየሩ የሚመጣው ሆዱ በመጨረሻ በሚዘጋበት ዕለት ነው፤ ያን ሰዓት ደሙን ማቆምና ማሞቅ ይቀድማል። ስለ ወጪው፣ ሦስት ጥንድ ጓንት ከአንድ ወር የአልጋ፣ የፋሻና የአስታማሚ ቀለብ ጋር ይነጻጸር። ሆኖም ወጪው የሆስፒታሉ እንጂ የአስታማሚው መሆን የለበትም በሚለው እስማማለሁ።

የደጋው ኦፊሰር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሲስተር እንዳሉት «መዝጊያ» የሚል ጥቅል ከዛሬ ጀምሮ አዘጋጅተናል። የቸገረኝ የ30 ቀኑ ክትትል ነው፤ ታካሚዎቻችን ስፌት ካስፈቱ በኋላ አይመለሱም። ስለዚህ ሲወጡ የራሳቸውን ወይም የጎረቤት ስልክ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ ጽፈን በ30ኛው ቀን እየደወልን «ቁስሉ መግል ይዟል ወይ?» ብለን ልንጠይቅ ወስነናል። ያለፉት ሦስት ወራት ታካሚዎችም ከመዝገቡ እየተለቀሙ ነው፤ ያለ እነርሱ የምናነጻጽርበት የለንም።