የሾፓን ፕሪሉድ ቁጥር 4፦ ግራ እጄ ዜማውን ዋጠብኝ

የማታ ልምምድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያኖ የጀመርኩት በ31 ዓመቴ ነው፤ አሁን ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሁለት ወር ሙሉ የሙዚቃ ደራሲውን የሾፓንን ፕሪሉድ (አጭር የፒያኖ ድርሰት)፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 28 ቁጥር 4ን እያጠናሁ ነው። 25 ባር (የምት ክፍል) ብቻ ነው፤ ጣቶቼ ለምደውታል። ማታ ልጆቼ ሲተኙ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በጆሮ ማዳመጫ እለማመዳለሁ። እዚያ ላይ ጥሩ ይመስለኛል። ቅዳሜ አስተማሪዬ ቤት በእውነተኛው ፒያኖ ስጫወተው ግን ግራ እጄ በር የሚያንኳኳ ሰው ይሆናል። በስልኬ ቀድቼ ስሰማው ዜማው የለም! ስሜት ልጨምርበት ብዬ ፍጥነቱን ሳዘገየው ደግሞ ጭራሽ ይፈርስብኛል። ይህን ሙዚቃ በጣም ነው የምወደው። ከየት ልጀምር?

ጥቁር ቁልፍ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የምት ምልክቱን እዪ። ባሩ የሚቆጠረው በሁለት ነው እንጂ በአራት አይደለም። በባሩ ውስጥ ያሉትን የግራ እጅ ስምንት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) እኩል ከመታሻቸው ማንኳኳት ይሆናል። ሁለት ረጅም ምት ብቻ ይሰማሽ።

ግን ግራ እጅሽን ለማፈን አትሞክሪ። ቀኝ እጅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ባሮች ሲ እና ዶ ላይ ነው የሚመላለሰው። ታሪኩን የሚናገረው ግራ እጅ ነው። ከኮርድ ወደ ኮርድ ስትሄጂ የትኛው ድምፅ በግማሽ ቶን (ወደ ቀጣዩ ቁልፍ) እንደወረደ ፈልጊ። ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። እሱን የሚጫወተውን ጣት ትንሽ አስደግፊው፣ ሌሎቹ ይለስልሱ። ጣትሽ ከቁልፉ አይነሳ፤ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ደግመሽ ተጫኚው። አንድ ሳምንት ግራ እጅ ብቻ፣ በዝግታ።

ጉልበትሽንም ቆጥቢ። ከ16ኛው ባር ጀምሮ "ስትሬቶ" የሚል ታያለሽ። ወደፊት ግፊው ማለት ነው። እዚያ ስትደርሺ የሚቀርሽ ነገር ይኑር።

ሦስተኛ ጣት፦
ስለ ፍጥነቱ ልጨምር። ሩባቶ (ፍጥነቱን ለስሜት ማላላት) ማለት ሁለቱም እጅ አብሮ መንገዳገድ አይደለም። የሾፓን ተማሪ ካሮል ሚኩሊ እንደጻፈው፣ ሾፓን ሲያስተምር ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ከፒያኖው ላይ አይጠፋም ነበር። አጃቢው እጅ ምቱን ይጠብቃል፣ ዘፋኙ እጅ ነፃ ነው። ተማሪዎቹን የጣሊያን ኦፔራ ዘፋኞችን ስሙ ይላቸው ነበር። አንቺም ዜማውን በአፍሽ አዚሚው። ትንፋሽ የወሰድሽበት ቦታ ላይ የእጅሽን አንጓ ቀለል አድርገሽ አንሺ።

ደግሞም እሱ የሚወደው የፕሌየል ፒያኖ ድምፁ ቶሎ ይጠፋ ነበር። የዛሬው ፒያኖ ይከብዳል፣ ድምፁም ይቆያል። ስለዚህ ድምፅ የሚያቆየውን ፔዳል ኮርድ በተቀየረ ቁጥር አንስተሽ ደግመሽ ርገጪ።

የማታ ልምምድ፦
ጥቁር ቁልፍ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አንድ ሳምንት ግራ እጄን ብቻ ተጫወትኩ። ያቺን የምትወርደውን ድምፅ ስሰማ እንባዬ መጣ። ለካ ሁለት ወር ሙሉ አልሰማኋትም! ቅዳሜ አስተማሪዬ ገና አራተኛው ባር ላይ ቀና ብላ አየችኝ። 17ኛው ባር ላይ አሁንም እቸኩላለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ኮርዶች በፊት ያለው ዝምታ ስንት ይቆጠራል?

ጥቁር ቁልፍ፦
አትቁጠሪው። ፔዳሉን አንሺና ክፍሉ ጸጥ እስኪል ስሚ። እጅሽ ከቁልፉ በላይ ይቆይ። ከዚያ ሦስቱን ኮርዶች በጣም ዝቅ አድርገሽ ተጫወቺ። በጆሮ ማዳመጫ ይህን ጸጥታ አታገኚውም፤ ቅዳሜ አስተማሪሽ ቤት ሞክሪው።