የኤሊስ ደሴት የስደተኞች ሙዚየም፦ ወላጆችን ይዞ ለመሄድ

የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን አባላት፣

ለጥየቃ የመጡ ወላጆቿን ኒው ዮርክ ውስጥ ከነጻነት ሐውልት ሌላ የት እንደምትወስዳቸው ለጠየቀችው እህታችን፣ ከሐውልቱ አጠገብ ባለው በኤሊስ ደሴት የሚገኘውን የስደተኞች ታሪክ ሙዚየም እንድታስቀድም እመክራታለሁ። የጀልባው ትኬት ሁለቱንም ደሴቶች ስለሚያካትት ለሙዚየሙ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ብዙ ጎብኚ ግን ቀኑን ሐውልቱ ሥር ፎቶግራፍ ሲነሣ ውሎ ኤሊስ የሚደርሰው ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ በጠዋት ጀልባ መሳፈሩ ይሻላል።

ደሴቱ ላይ የነበረው የስደተኞች መቀበያና መመርመሪያ ጣቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ተከፍቶ በ1954 እስኪዘጋ ድረስ 12 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አስተናግዷል። በአንደኛና በሁለተኛ ማዕረግ የመጡት መንገደኞች በአብዛኛው እዚያው መርከቡ ላይ ተመርምረው ወደ ከተማው ሲገቡ፣ ወደ ደሴቱ እየተወሰዱ የሚሰለፉት በታችኛው ክፍል ታጭቀው ውቅያኖሱን ያቋረጡት ድሆች ነበሩ። ሐኪሞቹ ሰው ደረጃ ሲወጣ እያስተዋሉ፣ የሚያነክሰውንና ትንፋሽ የሚያጥረውን ለይተው ልብሱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጽፉበት ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የሚፈራው የዓይን ምርመራ ሲሆን፣ የጫማ ቁልፍ ለመቆለፍ በሚያገለግል ቆልማማ ብረት ጭምር የዓይን ቆብ እየተገለበጠ ትራኮማ መኖር አለመኖሩ ይታይ ነበር። ትራኮማ በአገራችን ገጠር ዛሬም ድረስ ዓይን የሚያጠፋ በሽታ በመሆኑ፣ ወላጆቻችን ይህን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዱታል። የተመለሱት ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከቤተሰቡ አንዱ ሲከለከል የቀሩት አብረው ይመለሱ ወይስ ይግቡ የሚለውን እዚያው መወሰን ነበረባቸው።

ለእኛ ከሁሉ በላይ የሚቀርበን ግን ደሴቱ ለምን ጭር እንዳለ የሚናገረው ታሪክ ይመስለኛል። በ1924 የወጣው ሕግ ለየአገሩ ኮታ ሲመድብ ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ነበር፤ ከዚሁ ጋር ስደተኛው ገና ከአገሩ ሳይነሣ ከአሜሪካ ቆንስላ ቪዛ እንዲያወጣ አስገደደ። ከዚያ በኋላ ኤሊስ በዋናነት ማቆያና ከአገር የሚባረሩ ሰዎች መጠበቂያ ሆነ። ዲቪ ደርሶን ወይም ቤተሰብ ጠርቶን አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ምርመራ አልፈን፣ አሻራ ሰጥተን፣ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ የቀረብን ሁሉ ያለፍንበት ሥርዓት መሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ ያኔ የተከለከለው ሰው ከተማዋን ከማዶ እያየ መመለሱ ሲሆን፣ የእኛ ሰው ግን ቦሌን ሳይረግጥ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የትኛው እንደሚከብድ እኔ መፍረድ አልችልም።

ሙዚየሙ ከ1954 ወዲህ ስለመጡት ስደተኞች የሚያሳዩ ክፍሎችን በ2015 ጨምሯል፤ በእኔ አስተያየት ግን ጊዜ ካጠረ ቅድሚያ የሚገባው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰፊው የምዝገባ አዳራሽ ነው። የመርከብ ተሳፋሪዎች መዝገብ የሚፈተሽበት ክፍልም አለ፤ በአውሮፕላን ለመጣነው ብዙም አይጠቅመንም።

ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ በመኪና የምትመጡ፣ ማንሃተን ገብታችሁ በመኪና ማቆሚያ ፍለጋ ከምትንገላቱ፣ ከኒው ጀርሲው ሊበርቲ ስቴት ፓርክ የሚነሣውን ጀልባ ብትይዙ ይሻላል። ከመሳፈር በፊት ፍተሻ ስላለ ሻንጣ አታብዙ፤ መራመድ ለሚያደክማቸው አረጋውያንም በቂ ጊዜ ያዙ።